አሮጌ ሞተር ካርቡሬተር በስርዓቱ ሚያስተካክል ቦታ፦ ሰባራ ባቡር ያለው ጋራዥ

ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ሚደባልቅበት እቃ) ያለው አሮጌ ሞተር ሳይክል ይዛችሁ አዲስ አበባ ውስጥ «ማን ይስራልኝ» እያላችሁ ምትዞሩ ካላችሁ ይሄን አንብቡት፣ ረዘም ይላል ግን ነገሩ በደንብ እንዲገባችሁ ስለምፈልግ ነው። ሰባራ ባቡር አካባቢ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንድ ጋራዥ አለ፣ በሩ ላይ ምንም አልተጻፈም፣ ቀለሙ የለቀቀ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር ነው፣ ውስጡ ከሁለት ሞተር በላይ አይዝም። ባለቤቱ ስሜ በየቦታው አይጻፍ ስላለኝ ስሙን አልጽፍም፣ እኔም ሰፈሩም ጋሼ ነው ምንለው፣ የሞተር ጋራዥ ጋሼ ጋ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሱቅ ያለ ልጅ ሁሉ ያሳያችኋል። እስካሁን የኔን ሞተር ከነኩ ሰዎች ሁሉ ካርቡሬተሩን መጨረሻ ላይ የነካው እሱ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ገና ሞተሯን ሳያቆማት ካቻቢቴ ይዞ ወደ ካርቡሬተሩ ነው ሚሄደው። ልዩነቱ በሙሉ እዚች ጋ ነው ያለው፣ ቀጥሎ ምጽፈውም በሙሉ ስለዚች ነገር ነው።

ሞተሯ ቢኤምደብሊው አር 75/5 ናት፣ በፈረንጅ 1972 የተሰራች፣ ከአጎቴ ነው የተረከብኳት። ይቺ ሞዴል ከ1969 እስከ 1973 በርሊን የተሰራች ናት፣ 745 ሲሲ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮቿ ግራና ቀኝ ወደ ውጪ የወጡ፣ ቁልፏ ምስማር ሚመስል፣ ፋናው ላይ ምትሰካ። ስለ ካርቡሬተር ለመማር ከዚች የተሻለ ሞተር ያለ አይመስለኝም ምክንያቱም ግራ አንድ ቀኝ አንድ ቢንግ ሚባል 32 ሚሊ ካርቡሬተር አለ፣ ሁለቱም ፊት ለፊት ይታያሉ፣ ሰልባትዮ ማውረድ የለ ምን የለ፣ ታች ያለችው የቤንዚን ጽዋ በአንድ የሽቦ ማያዣ ብቻ ነው የተያዘችው፣ ሽቦዋን በጣት ገፋ ስታደርጋት ጽዋዋ እጅህ ላይ ትወርዳለች። ግን ይሄው ለመንካት ቀላል መሆኑ ነው ጉዷ፣ ሁሉም ሰው ይነካታል።

ችግሯ ምን ነበር መሰላችሁ፣ ጠዋት ትነሳለች፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጣት ቆማ ስትሰራ) አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች ትላለች፣ መስታወቷ እየተንቀጠቀጠ ከኋላህ ምን እንዳለ አታይም። የቀኝ ማርሚታዋ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ነዳጅ መስጫውን ስትለቀው ደሞ ግራው በኩል ጧ ጧ ይላል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ያለውን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ስወጣ መሀል ላይ ትታነቅና ወደ ሁለተኛ ካልወረድኩ አትሄድም። ቆሜ ከሆነ የቤንዚን ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል፣ ቤት ስገባ ሰዉ ሁሉ ያውቅብኛል። ከዛ በፊት አንድ ሌላ ጋራዥ ወስጃት ነበር (የት እንደሆነ አልናገርም)፣ እዛ ያረጉት ነገር ሚኒሞዋን ከፍ አርገው፣ አራቱንም ብሎን እየዞሩ ድምጿ ለጆሮ እስኪጥማቸው መጠምዘዝ ነው። ለጥቂት ቀን ጥሩ መሰለች፣ ከዛ የባሰች ሆነች። አንድ ጓደኛዬ ጭራሽ ሁለቱንም አውልቀህ የቻይና ካርቡሬተር ግጠምባት አለኝ። ይሄን ምክር እናንተም ትሰሙታላችሁ፣ አትስሙት። ለሌላ ኢንጂን የተሰራ ካርቡሬተር ጄቱም (ቤንዚን ምታልፍበት የተለካች ቀዳዳ) መርፌውም ስፋቱም ለሌላ ትንፋሽ የተለካ ነው፣ አሮጌውን ችግር ሳትፈታ አዲስ ችግር ትገዛለህ፣ ኦሪጅናሉ ደሞ አንዴ ከእጅ ከወጣ እዚህ አገር መልሰህ አታገኘውም።

ጋሼ ጋ መጀመሪያ ስሄድ ሞተሯን እየነዳሁ ነው የገባሁት፣ እሱ ግን አልነካም አለኝ። «ዛሬ ትደር፣ ነገ ጠዋት ቀዝቅዛ ነው ማያት» አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተናዶ ይሄዳል መሰለኝ፣ ጎግል ላይ ኮከብ ቢሰጠው ኖሮ ግማሹ በዚህ ምክንያት ነበር ሚቀነሱት፣ ግን ምክንያት አለው፣ የቫልቭ ክፍተት ሚለካው ኢንጂኑ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ነው፣ የጋለ ኢንጂን ላይ ብትለካው ብረቱ ስለተለጠጠ ውሸት ነው ሚነግርህ። እና ሞተሯን እዛ አሳደርኳት፣ ጠዋት ስሄድ ረዳቱ ልጅ ሁለቱንም ካንዴላ አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦልኛል። የግራው ነጣ ያለ፣ ደረቅ። የቀኙ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ እርጥብ። ጋሼ ሁለቱን አሳየኝና «አየህ ልጄ፣ አንዷ ትጠማለች አንዷ ትጠግባለች፣ አንድ ላይ ስትሰማቸው ግን አማካዩን ነው ምትሰማው» አለኝ (መጠማት ሚለው ቤንዚን ማነሱን፣ መጥገብ ሚለው መብዛቱን ነው)። ያኔ ነው ያለፈው ጋራዥ በጆሮ ብቻ ምን ሲሰራ እንደነበር የገባኝ።

ከዛ በኋላ ግማሽ ቀን ሙሉ ካርቡሬተሩን ዞር ብሎ አላየውም። መጀመሪያ ትንፋሿን ለካ፣ ሁለቱም ሲሊንደር ኮምፕሬሽናቸው (አየር ሚጨምቁበት ኃይል) ተቀራራቢና ጥሩ ነው፣ ደስ አለው፣ ይሄ ከሌለ ቀሪው ስራ ዋጋ የለውም አለ። ቀጥሎ ቫልቭ። የማስገቢያው 0.15 ሚሊ የማስወጫው 0.20 ሚሊ ነው መሆን ያለበት፣ የማስወጫው ሚሰፋው በጭስ ስለሚግልና የበለጠ ስለሚለጠጥ ነው። የኔ የቀኙ ማስወጫ ስሷ መለኪያ እንኳን አላስገባ ብላ ነበር፣ ማለትም ሲግል ቫልቩ በደንብ አይዘጋም ነበር፣ ሚኒሞ ላይ መንቀጥቀጡ ግማሹ ከዚህ ነው። እሱን አስተካክሎ ወደ ፑንቲናው (የካንዴላው ብልጭታ መቼ እንደሚመጣ ሚወስነው የኤሌክትሪክ መገናኛ) ሄደ፣ ፊት ለፊት ያለውን ሽፋን ከፍቶ ክፍተቷን ለካ፣ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ መሆን ሲገባት ጠብባ ነበር። ይሄን ለረዳቱ ሲያስረዳው እኔም ቆሜ ሰማሁ፣ ፑንቲናዋ ላይ ያለችው ሚዞረውን ካም ምትነካው ጫማ በጊዜ ብዛት ትበላለች፣ ስትበላ ክፍተቱ ይጠባል፣ ሲጠብ ብልጭታው ዘግይቶ ይመጣል፣ ብልጭታው ከዘገየ ሞተሯ ትሰንፋለች ትግላለች፣ ባለቤቱ ደሞ ካርቡሬተሩ ነው ይላል። በግራ በኩል ላስቲክ ውታፍ ያለባት ቀዳዳ አለች፣ እሷን አውጥቶ ፍላይዊሉ ላይ ያለውን ኤስ ሚል ምልክት በአምፖል እያየ ታይሚንጉን (ብልጭታው ሚመጣበትን ቅጽበት) አስያዘው።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ሰው ሁሉ ቤቱ ሊሞክረው ሚችል ነው። ሞተሯን አስነሳት፣ ካርቡሬተሩን ከሲሊንደሩ ጋር ሚያገናኘው ጥቁር ላስቲክ ላይ በቀስታ ስፕሬይ ነፋ። ቀኙ ላይ ምንም። ግራው ላይ ሲነፋ የኢንጂኑ ድምጽ ወዲያው ተቀየረ። በዛ በኩል ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ በጎን አየር ይስባል ማለት ነው፣ ግራው ካንዴላ የነጣው በዚህ ነው፣ ነዳጅ ስለቅ ጧ ጧ ሚለውም በዚህ ነው። ሰውየው ያኔ የተናገረውን ከዛ ወዲህ አልረሳውም፣ «ይሄን ሳታይ ብሎን ብታዞር እኮ ቀዳዳውን በቤንዚን እየደፈንከው ነው» አለ። በርግጥም የበፊቱ ጋራዥ ያደረገው ልክ እሱን ነው። (ስፕሬይ ስትነፉ የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ እንዳይደርስ፣ እሳት ነው፣ አጠገባችሁም ማጥፊያ ይኑር። ጋሼ ጋ በር ስር አሸዋ የተሞላ ባልዲ አለ፣ ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት።)

አሁን ነው ካርቡሬተሩ ሚከፈተው። ታችኛዋን ጽዋ አውርዶ ቤንዚኑን ነጭ ሳህን ላይ ደፋው፣ ስሩ ላይ ክብ ክብ ያሉ የውሃ ጠብታዎች ተንከባለሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ነው ሚቀመጠው፣ ጄቷ ደሞ እዛው ታች ናት፣ ሚኒሞ ላይ አንዳንዴ ድንገት ምትጠፋው ለዚህ ነው። ክረምት ውጪ ምታቆሙ ሰዎች ይሄን አስቡ፣ የሰልባትዮ ክዳን ላስቲኩ ካረጀ ዝናብ ይገባል። ከዛ ተንሳፋፊውን ነቅሎ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ የግራውንም እንዲሁ፣ የቀኙ ከበድ ይላል። ባለፉት ዓመታት ቤንዚን ጠጥቶ ከብዷል፣ የከበደ ተንሳፋፊ ጽዋው ውስጥ ያለው ቤንዚን ከልኩ በላይ እስኪሞላ አይዘጋም፣ ስለዚህ ቀኙ ሁሌም ይጠግባል ይፈሳልም። የልብሴ ሽታ ምንጩ ተገኘ።

ቀጥሎ ዲያፍራሙ። ክዳኑን ከፍቶ ጥቁሯን ስስ ላስቲክ አወጣና ወደ በሩ ብርሃን ዘርግቶ አየ፣ የመርፌ ጫፍ ምታክል ብርሃን አለፈች። ይሄ የካርቡሬተር ዓይነት ነዳጅ ስትሰጠው ስላይዷን (መርፌዋን ይዛ ከፍ ዝቅ ምትለዋን ክፍል) በቀጥታ አይደለም ምታነሳት፣ አንተ ምትከፍተው ቢራቢሮዋን (የአየሩን መንገድ ምትዘጋና ምትከፍት ክብ ሳህን) ነው፣ ስላይዷን ሚያነሳት ኢንጂኑ ሲስብ ከዲያፍራሙ በላይና በታች ሚፈጠረው የአየር ግፊት ልዩነት ነው። ላስቲኳ ከተቀደደች ልዩነቱ ያመልጣል፣ ስላይዷ ግማሽ መንገድ ላይ ትቀራለች። ስለዚህ ዳገት ላይ አንዱ ሲሊንደር እየጎተተ ሌላው ተንጠልጥሎ ነበር ሚሄደው። ደሞ መርፌዋ ምትገባባት የናስ ቱቦ በጊዜ ብዛት ተበልታ ሞላላ ሆናለች፣ መርፌዋ እዛ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ስትንቀጠቀጥ ትፍቃታለች፣ በዓይን ለማየት ይከብዳል፣ በማጉያ አሳየኝ። ይቺ ነገር ነዳጅ መስጫው ከሩብ እስከ ሦስት ሩብ በተከፈተበት ቦታ ላይ ቤንዚን ታበዛለች፣ ከተማ ውስጥ ደሞ ሁሌ ምንነዳው እዛ ቦታ ላይ ነው።

አንድ ያናደደኝ ነገር ልንገራችሁ፣ የሚኒሞዋ ጄት ቀዳዳ ተፍቋል። ካለፈው ጋራዥ የሆነ ሰው የብረት ሽቦ ከቶ ነው ያጸዳው። ጄት ማለት እኮ ልክ ነው፣ የቀዳዳው ስፋት በመቶኛ ሚሊ የተለካ ነው፣ ናስ ደሞ ለስላሳ ነው፣ ብረት ሽቦ አንዴ ካለፈበት ቁጥሩ ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ልኩ ያው አይደለም። ጋሼ ሚያጸዳው ማጽጃ ፈሳሽ ውስጥ አሳድሮ በኮምፕረሰር አየር በመንፋት ብቻ ነው፣ ካልከፈተ ደግሞ ያሳድረዋል። እባካችሁ ማንም ሰው ጄታችሁ ውስጥ ሽቦ ሲከት ካያችሁ አስቁሙት፣ ይሄን ብቻ ከዚህ ጽሁፍ ይዛችሁ ብትሄዱ በቂ ነው።

መለዋወጫ ላይ እውነቱን ልናገር፣ እሱ ጋ የለም። ኦሪንግና የቤንዚን ቱቦ ሶማሌ ተራ ፈልጌ አገኘሁ፣ ዲያፍራም፣ ተንሳፋፊ፣ ጄትና መርፌ ግን ከጀርመን ሚመጣ ሰው ፈልጌ ነው ያስመጣሁት፣ የቢንግ መለዋወጫ አሁንም ይሸጣል። ጋሼ ምን ማዘዝ እንዳለብኝ በወረቀት ጽፎ ነው የሰጠኝ፣ ካርቡሬተሩ ጎን ላይ የተመታውን ቁጥር ጭምር፣ ምክንያቱም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ቁጥራቸው ይለያያል፣ በስማቸው ብቻ ብታዙ የተሳሳተ ሊመጣ ይችላል። ዋናውን ጄት ደሞ ኦሪጅናሉን ብቻ ሳይሆን ከሱ አነስ አነስ ያሉ ሁለት ቁጥሮችንም አስመጣ አለኝ። ለምን ስለው ያስረዳኝ ነገር አሮጌ ሞተር አዲስ አበባ ላይ ሚነዳ ሁሉ ማወቅ ያለበት ስለሆነ ሰፋ አርጌ እጽፈዋለሁ።

አዲስ አበባ ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባህር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ቤንዚን በደንብ ሚነደው በክብደት 1 ለ14.7 ገደማ አየር ሲያገኝ ነው፣ በክብደት። ካርቡሬተር ግን አየሩን መመዘን አይችልም፣ ሚያልፈው አየር ስስ ይሁን ወፍራም ሳይለይ ለዝቅተኛ ቦታ በተለካችው ቀዳዳ ቤንዚን ይስባል። አየሩ እዚህ ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል። ይቺ ባለ ዲያፍራም ዓይነቷ ስላይዷ በግፊት ልዩነት ስለምትነሳ ትንሽ ትለማመዳለች ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። አዲሶቹ ኢንጄክሽን ያላቸው ሞተሮች ሴንሰር አላቸው፣ ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ የኛዎቹን ሰው ነው ሚያስተካክላቸው። ስለዚህ አጎቴ ሞተሯን ከገዛበት ጊዜ ጀምሮ፣ ምንም ያልተበላ ያልተቀደደ ነገር ባይኖር እንኳን፣ እዚህ ከተማ ላይ ቤንዚን በዝቶባት ነው የኖረችው። ሰዉ ሁሉ «አሮጌ ስለሆነች ነው ምታጨሰው» ሲል ነበር። ጋሼ ሌላም ነገር ቀጥታ ነገረኝ፣ ፋብሪካው 50 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚህ አታገኘውም፣ ጄቱን ብታስተካክልም አየሩ ስስ ነው፣ ሩብ ያህሉን ከፍታው ይወስደዋል፣ እኔ ምሰጥህ የቀረውን በንጹህ ነው አለ። እንዲህ ብሎ ሚነግር መካኒክ ስንት ነው፣ ሌላው «እንደ አዲስ አረጋታለሁ» ነው ሚለው።

እቃው ሲመጣ ዲያፍራሙን፣ ተንሳፋፊውን፣ የናሷን ቱቦ ከነመርፌዋ በሁለቱም በኩል ቀየረ፣ አንዱን ብቻ አይቀይርም፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ ማመሳሰሉ (ሁለቱ እኩል እንዲስቡ ማድረጉ) ዘላቂ አይሆንም ብሎ። ዲያፍራሟ ላይ ትንሽ ጆሮ አለች፣ ቦይዋ ውስጥ ካልተቀመጠች ስላይዷ ትጣመማለች፣ ያንን ረዳቱን ሁለቴ አስወጥቶ አስገባው። መርፌዋን አንድ እርከን ዝቅ አረጋት፣ ዋናውን ጄት በአነስተኛው ቁጥር ተካው። ኦሪጅናሎቹን ደሞ ፌስታል ውስጥ አርጎ «የባህር ወለል» ብሎ ጽፎበት ሰጠኝ፣ ድንገት እስከ ጅቡቲ ወርዳለሁ ብትል እነሱን መልሰህ ካልገጠምክ ቤንዚን ያንሳትና ትግልብሃለች፣ ፒስተን ታቃጥላለህ አለ። አዳማ ድረስ ግን፣ 1,700 ሜትር አካባቢ ነው፣ ችግር የለም፣ በትንሹ ወደ መጥገቡ አድልቼ ትቼዋለሁ አለኝ።

ማመሳሰሉ ጋ ስንደርስ እውነት ለመናገር በህይወቴ ካየሁት ስራ ሁሉ ደስ ያለኝ ነው። መጀመሪያ ንዳትና አግላት ተባልኩ፣ እስከ ስድስት ኪሎ ሄጄ ተመለስኩ፣ ይሄም ህግ ነው፣ በቀዝቃዛ ኢንጂን ካርቡሬተር አይመሳሰልም። ስመለስ ሁለት ትላልቅ ቬንትሌተር ከሁለቱ ሲሊንደር ፊት ደቅኖ ጠበቀኝ ምክንያቱም ይቺ ሞተር በንፋስ ነው ምትቀዘቅዘው፣ ቆማ ለብዙ ደቂቃ ከሰራች ከልክ በላይ ትግላለች፣ ከልክ በላይ የጋለ ኢንጂን ላይ የተደረገ ማስተካከያ ደሞ መንገድ ላይ አይሰራም። መሳሪያው ሱቅ ሚሸጥ አይደለም፣ ራሱ ነው የሰራው፣ ረጅም ጣውላ ላይ ሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ እንደ ዩ ቅርጽ አጥፎ ቸንክሮታል፣ ውስጡ ዘይት ግማሽ ድረስ አለ። አንዱን ጫፍ የግራው ካርቡሬተር መሳቢያ ቀዳዳ ላይ ሌላውን የቀኙ ላይ ሰካ። ዘይቱ የበለጠ ወደሚስበው ወገን ይወጣል። የበለጠ ሚስበው ደሞ ቢራቢሮው የበለጠ የተዘጋው ነው። ስለዚህ ዘይቱ ወደ ቀኝ ከወጣ ቀኙን ትንሽ ትከፍታለህ ወይ ግራውን ትዘጋለህ፣ ዘይቱ ሁለቱም ጋ እኩል ከፍታ ላይ እስኪቆም። በቃ። ቱቦው ረጅም የሆነው ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ኢንጂኑ ዘይቱን ጨርሶ እንዳይጠጣው ነው፣ መጀመሪያ ላይ በጣቱ ቱቦውን ቆንጠጥ አርጎ ይዞት ነበር።

ሚኒሞ ላይ እኩል ካደረገ በኋላ የድብልቅ ብሎኗን ያዘ፣ በቀስታ እያጠበቀ ሞተሯ ልትጠፋ ስትል ቆመ፣ ከዛ እያላላ ደግሞ እንደገና መቸገር ስትጀምር ቆመ፣ በሁለቱ መሀል ምርጥ ድምጽ ያለባት ቦታ ላይ ተዋት። ከዛ ሌላኛውን። ከዛ ሚኒሞዋ ስለጨመረች መልሶ ዝቅ፣ ከዛ መልሶ ዘይቱን ማየት። በመጨረሻ 1,000 ዙር አካባቢ ላይ አስቀመጣት። ብዙ መካኒክ እዚህ ያቆማል፣ ሚኒሞ ላይ ቆንጆ ከሆነች ጨረስን ይላል። ችግሩ እያንዳንዱ ካርቡሬተር የራሱ ኬብል አለው፣ ነዳጅ መስጠት ስትጀምር አንዱ ቀድሞ ከተነሳ ሚኒሞ ላይ ያለው ስምምነት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሁለቱም ኬብል ላይ 1 ሚሊ ያህል ልል መኖሩን አየና 2,000 ዙር ላይ ይዞ ዘይቱን እንደገና አየው፣ ቀኙ ቀድሞ ይነሳ ነበር፣ የኬብሉን ማስተካከያ እየነካካ እኩል አመጣው። ረዳቱን ደሞ እጅህን ከማርሚታዎቹ ኋላ ያዝ አለው፣ ግራና ቀኝ የትንፋሹ ምት እኩል ይመታሃል ወይ፣ ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «እኩል ነው ጋሼ» ሲል የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ። መለኪያውም እጁም አንድ ነገር ሲናገሩ ማለት ነው።

ውጤቱስ? ወደ እንጦጦ ወጣሁባት፣ በሽሮ ሜዳ በኩል፣ በፊት ሁለተኛ ማርሽ ላይ ስታቃስትበት የነበረውን በሦስተኛ ወጣች፣ ጭስ የለም። እንጦጦ ከከተማው ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ስለሚል ላይ አካባቢ ስትደርስ ትንሽ ጥጋብ ይሰማታል፣ እሱም ይሄን ቀድሞ ነግሮኛል። ስመለስ ነዳጅ ይዤ ሳለሁ ፍሪሲዮን ይዤ አጠፋኋትና ካንዴላዎቹን አወጣን፣ ሁለቱም ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ ጋሼ ብዙ አይስቅም፣ ያኔ ሳቀ። መስታወቱ አሁን ሚኒሞ ላይ ከኋላ ያለውን መኪና ያሳያል። ነዳጅ ማደያ ምሄድበት ጊዜም በግልጽ ራቅ ራቅ ብሏል። ነዳጅ ስለቅ ጧ ሚለውም የለም፣ ላስቲኩ ስለተቀየረ።

ዋጋው፣ ለጉልበቱ 6,000 ብር ከፍያለሁ፣ እቃው ለብቻ ነው። ውድ ነው ያለኝ ሰው አለ፣ እኔ ግን በየጊዜው ብሎን ለሚያዞሩልኝ ሰዎች ስሰጥ የነበረውን ሳስበው ርካሽ ነው፣ ስራው ደሞ ዛሬም አልተነቃነቀም። ደረሰኝ አይሰጥም፣ ለመስሪያ ቤት ምታወራርዱ ከሆነ ይሄን እወቁ። ቴሌብር ይቀበላል። ስልክ አያነሳም፣ በእጁ ዘይት ስለሆነ መሰለኝ፣ በአካል ነው መሄድ። መብራት ከጠፋ ኮምፕረሰሩ ስለማይሰራ ስራ ይቆማል፣ ጄነሬተር የለውም፣ ይሄ እውነተኛ ድክመት ነው፣ የኔም ስራ በዚህ ተጓትቷል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሞተር ካለ ሦስተኛ አይቀበልም፣ ውጪ አያሳድርም፣ ይሄ ግን ለናንተም ጥሩ ነው። ኢንጄክሽን ያላቸውን አይነካም፣ ራሱ ወደ ሌላ ሰው ይልካችኋል። ቦክሰርና አፓቼ ግን ይሰራል፣ አንድ ካርቡሬተር ያለው ስራ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ሌላ ነው፣ ለነሱም መጀመሪያ ቫልቭና ካንዴላ ነው ሚያየው።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት ሲሰራ ቁሙና እዩ ማለቱ ነው። ሌላ ቦታ ባለቤቱ ከቆመ ይከብዳቸዋል፣ እዚህ ጥያቄ ካልጠየቅክ ነው ሚከብደው። ረዳቱ ልጅ ካርቡሬተር ሲፈታ ጠረጴዛ ላይ በስነስርዓት ግራውን ግራ ቀኙን ቀኝ ነው ሚደረድረው፣ እቃ አይቀላቀልም፣ ብሎኗ ስንት ዙር ላይ እንደነበረች ሳይፈታት በፊት አጥብቆ ቆጥሮ ይጽፋል። በዚህ ከተማ አሮጌ ሞተር ላይ እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ያየሁት እዛ ብቻ ነው፣ ወጣት ልጅ ተምሮት እየሰራ ማየቴ ደሞ ለነዚህ ሞተሮች ተስፋ ሰጥቶኛል፣ በ2011 ሞተር ላይ ክልከላ ከወጣ ወዲህ ብዙ አሮጌ ሞተር ጊቢ ውስጥ ተሸፍኖ ቀርቷል፣ ሚሰራው ሰውም እየቀነሰ ነው የሄደው።

ከ5 ኮከብ 5 እሰጠዋለሁ፣ መብራቱንና ደረሰኙን አስቤም 5 ነው። ምትሄዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ውሰዷት፣ እንድታድር ተዘጋጁ፣ የሞተሯን ደብተር ወይ የካርቡሬተሩን ቁጥር ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰልባትዮው ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ቤንዚን ይኑር ምክንያቱም ሲያመሳስል ብዙ ታበላለች። ከመሄዳችሁ በፊት ደሞ ብሎኖቹን ራሳችሁ አትነካኩ፣ ያለችበትን ሁኔታ እንዳለ ማየት ይፈልጋል። ሰኞ ጠዋት ሰው ይበዛል፣ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ይሻላል፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው፣ እሁድ ዝግ ነው።